ቧንቧ ውሃ ሰፈር አለን፤ የፍሳሹስ? (የቦርከና ነገር)

ዛሬ ረዘም ያለ ጽሑፍ ነው የያዝኩት፤ ቡና አስፈልታችሁ ብታነቡት ይሻላል። የድሮ ተማሪዎቼም «ቲቸር ዛሬም ኖት ሊያስጽፈን ነው» እንዳትሉ። አብሽሩ፣ ፈተና የለውም።

ነገሩ የተነሳው ባለፈው ሳምንት አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ስልክ ደውሎልኝ ነው። ዛሬ መሐንዲስ ሆኗል፤ በአንድ ከተማ የፍሳሽ ማጣሪያ ጣቢያ ውስጥ ይሠራል። «አሁን የያዝነው ሥራ ጣቢያው አጣርቶ የሚለቀውን ውሃ መልሰን የምንጠቀምበትን መስመር ማሻሻል ነው» አለኝ። ለመጠጥ አይደለም። ለማሽን ማጠቢያ፣ ለአትክልት፣ ለግንባታ፣ ለአቧራ ማርጠቢያ ነው። ስለ ፓምፑና ስለ ማጣሪያው ሲያጫውተኝ ቆየና ሳቅ እያለ «ቲቸር፣ ያን ጊዜ ክፍል ውስጥ የጠየቅኩዎትን ያስታውሳሉ?» አለኝ።

አስታውሳለሁ። እንዴት እረሳዋለሁ?

ኬሚስትሪ እያስተማርኩ ነበር። ሰሌዳው ላይ ወንዝ ስዬ፣ ኦክስጅን ከአየር ወደ ውሃው እንዴት እንደሚገባ፣ ባክቴሪያዎች ቆሻሻውን እንዴት እንደሚበሉት አስረዳሁና «ስለዚህ ወራጅ ውሃ ራሱን በራሱ ያጠራል» ብዬ ደመደምኩ። ከኋላ ወንበር አንድ ልጅ እጁን አወጣ። ቤተሰቦቹ ከኮምቦልቻ በታች፣ ከቦርከና ዳር ያርሳሉ። «ቲቸር፣ ወንዙ ራሱን የሚያጠራ ከሆነ አባቴ ለምን ከብቶቹን ከዚያ አያጠጣም?» አለኝ።

ክፍሉ ሳቀ። እኔ ደግሞ «ፈተና ላይ የሚመጣው ይሄኛው ነው፣ ጻፍ» ብዬ አለፍኩት። ከሃያ ዓመት በላይ ሆነው። ዛሬ ለዚያ ጥያቄ መልስ ልስጥ።

መጀመሪያ ከከተማችን እንነሳ። ደሴ ስሟን ያገኘችው አፄ ዮሐንስ 4ኛ በ1870ዎቹ በአካባቢው ሰፍረው ሳለ ሰማይ ላይ ጅራታም ኮከብ አይተው ከተደሰቱ በኋላ ነው ይባላል። ከዚያ ንጉሥ ሚካኤል መናገሻቸው አደረጓት፤ አይጠየፍ አዳራሽ የዚያ ዘመን ምስክር ሆኖ ቆሟል። ከተማዋ ከጦሳ ተራራ ሥር፣ በ2,500 ሜትር ከፍታ ገደማ፣ በሸለቆ ውስጥ የተቀመጠች ናት። ሸለቆ ውስጥ ያለ ከተማ የሚያፈሰው ነገር የሚሄድበት አቅጣጫ የታወቀ ነው። ደሴ ውስጥ ከየሰፈሩ የሚወርደው አብዛኛው ጎርፍና እጣቢ በየቦዩ አድርጎ ቦርከና ይገባል።

አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ደሴ ውስጥ «ቧንቧ ውሃ» የሚባል ሰፈር አለን። ቧንቧ ሲገባ ለአንድ ከተማ ሕዝብ ምን ያህል ትልቅ ነገር እንደነበር ከስሙ ትረዳላችሁ፤ የሰፈር ስም እስከመሆን ደርሷል። ለፍሳሽ ግን የተሰየመ ሰፈር የለንም። ውሃ ሲመጣ ሪባን ይቆረጣል፣ እልል ይባላል፤ ሲሄድ ማንም አይሸኘውም። መሐንዲሶች ግን ከቤት ከገባው ውሃ ከአሥር ስምንቱ እጅ ያህል ፍሳሽ ሆኖ ይወጣል ብለው ነው የሚያሰሉት። ማለትም ለአንድ ከተማ ተጨማሪ ውሃ ባመጣህ ቁጥር ተጨማሪ ፍሳሽ አምጥተሃል። ይህን የሂሳቡን ሁለተኛ መስመር ነው ሳንጽፈው የኖርነው።

ከአዲስ አበባ ውጭ ያሉት አብዛኞቹ ከተሞቻችን፣ ደሴና ኮምቦልቻም ጭምር፣ ከቤት ወደ ቤት የተዘረጋ የፍሳሽ መስመር ሳይኖራቸው ነው ያደጉት። ጉድጓድ ቆፍረን፣ ሲሞላ መምጠጫ መኪና ጠርተን። መኪናው ካልመጣ፣ ወይም ዋጋው ከከበደስ? ሁላችንም እናውቃለን፣ እንናገረው እንጂ። ሐምሌ ይጠበቃል። ዝናቡ ሲወርድ ጉድጓዱ ይከፈትና ከጎርፉ ጋር ይለቀቃል። እኔም አንድ ክረምት አድርጌዋለሁ። በሌሊት፣ ጎረቤት እንዳይሰማ፣ በዝናብ ልብስ። በማግስቱ ደግሞ ክፍል ገብቼ ስለ ንጽሕና አስተማርኩ። ሰው በራሱ ላይ ሲመሰክር ይከብዳል፤ ግን የራሴን ሳልናገር የሌላውን ብዘረዝር ነውር ነው።

ያ ውሃ የት ሄደ? ቦርከና ከደሴ ወጥቶ በዶቃቂት ገደል ውስጥ እየተምዘገዘገ ወደ ኮምቦልቻ ይወርዳል። በሐረጎ ጠመዝማዛ መንገድ የወረደ ሁሉ ቁልቁለቱን ያውቀዋል። በ25 ኪሎ ሜትር ገደማ ውስጥ 600 ሜትር ያህል ቁልቁለት ነው። ውሃው ከድንጋይ ድንጋይ ሲዘል አየር ይገባበታል፣ ሽታው ይቀንሳል፣ መልኩም ይመለሳል። በዚህ በኩል ያኔ ያስተማርኩት ትምህርት ውሸት አልነበረም። ባክቴሪያው ኦክስጅኑን አግኝቶ የሚበሰብሰውን ቆሻሻ ይበላዋል።

ስህተቴ ያለው የማይበሰብሰውን መርሳቴ ላይ ነው። የወስፋት እንቁላል በአረፋና በፏፏቴ አይሞትም፤ አፈር ውስጥ ተቀምጦ ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት ይቆያል። ክሮሚየም፣ ዚንክና እርሳስ ደግሞ ንጥረ ነገሮች ናቸው። ንጥረ ነገርን ባክቴሪያ በልቶ አይጨርሰውም። ውሃው ውስጥ ሲያጡት ደለሉ ውስጥ ያገኙታል። ኬሚስትሪ አስተማሪ ሆኜ ይህን ለዚያ ልጅ አለመንገሬ ነው የሚቆጨኝ።

ኮምቦልቻ ስንደርስ ታሪኩ ይወፍራል። ከተማዋ በደርግ ዘመን የጨርቃጨርቅ ፋብሪካ ተተከለባት፤ በ1990ዎቹ ቢራ ፋብሪካው መጣ፤ ቆዳ ፋብሪካው፣ የሥጋ ማቀነባበሪያውና የብረታ ብረቱ ታከሉ። በሐምሌ 2009 ዓ.ም. የኢንዱስትሪ ፓርኩ ተመረቀ። ይህ ሁሉ እንጀራ ነው፤ ተማሪዎቼ የበሉበት፣ ያገቡበት፣ ልጅ ያሳደጉበት። ፋብሪካ ጠል አይደለሁም። ግን ፋብሪካ ውሃ ጠጥቶ ውሃ የሚያወጣ ፍጡር ነው። በከተማዋ ውስጥ የሚያልፉት ለዮሌና ወርቃ የሚባሉ ትናንሽ ወንዞች የሚወጣውን ተቀብለው ለቦርከና ያስረክባሉ። እ.ኤ.አ. በ2013 እና በ2014 ተመራማሪዎች ከፋብሪካ ፍሳሾችና ከእነዚህ ወንዞች ናሙና ወስደው መርምረው ነበር። ከፍሳሾቹ መካከል ክሮሚየምና ዚንክ ከመመሪያ ገደብ በላይ የተገኘባቸው ነበሩ። ለቁጥጥር የሚያስፈልገው አቅምና መሣሪያ እንደሚጎድልም ጽፈዋል።

ሕግ አልነበረም እንዳትሉ። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 አለ። የኢንዱስትሪ ብክለት መከላከያ ደንብ ቁጥር 159/2001 አለ፤ ነባር ፋብሪካዎች ራሳቸውን እንዲያስተካክሉ የአምስት ዓመት ጊዜ የሰጠ ደንብ ነው። አምስቱ ዓመት ካለፈ ቆይቷል።

ቦርከና ከኮምቦልቻ በኋላ አይቆምም። በቃሉ በኩል አድርጎ ወደ ከሚሴና ወደ ጨፋ ረግረግ ይወርዳል። ጨፋ በበጋ ምን እንደሆነ የምታውቁ ታውቃላችሁ። የወሎ አማራውም ኦሮሞውም፣ ከቆላ የሚወጣው አፋርም ከብቱን የሚያሳርፍበት ለምለም ነው። ከዚያ ወደ አዋሽ ነው ጉዞው። እንግዲህ ደሴ ላይ በሌሊት የከፈትኩት ጉድጓድ ስንት ሰው ደጃፍ እንዳለፈ አስቡት። ሽንኩርት ተጠጥቶበታል፣ ጥጃ ጠጥቶታል፣ ልጅ ዋኝቶበታል። ሽንኩርቱም ተመልሶ ሰኞ ገበያ ላይ ሳይሸጥልኝ አልቀረም።

ስለዚህ «ፍሳሽን አጣርቶ መልሶ መጠቀም» የሚባለውን ሰው እንደ አዲስና እንደ አስጸያፊ ነገር ሲያወራው ይገርመኛል። መልሰን እየተጠቀምን ነው እኮ! ደሴ ከተማ ከሆነች ጀምሮ። የቀረው ማጣራቱ ብቻ ነው።

በአዲስ አበባም ያው ነው። የአቃቂ ወንዞች ዳር ለብዙ አሥርት ዓመታት ጎመን፣ ሰላጣና ቆስጣ እየለማ የከተማዋን ገበያ ሲመግብ ኖሯል፤ የመስኖው ውሃ ከተማዋ ራሷ ያቆሸሸችው ነው። ከአቃቂ በታች ያለው የአባ ሳሙኤል ግድብ ለመብራት የተሠራ ነበር፤ በጊዜ ብዛት በደለልና በከተማ ፍሳሽ ተሞልቶ፣ እምቦጭ ለብሶ፣ ለአሥርት ዓመታት ተርባይኑ ቆመ። መብራት እንዲሰጥ የሠራነው ሐይቅ ሳናስበው የአዲስ አበባ ማጠራቀሚያ ጉድጓድ ሆነ ማለት ነው።

በሥርዓት የታሰበበት ሥራ የተጀመረው በቃሊቲ ነው። የመጀመሪያው ቃሊቲ ማጣሪያ ጣቢያ ኩሬዎችን የተጠቀመ ነበር። ፍሳሹ ሰፊ ኩሬ ውስጥ ገብቶ ለቀናት ይተኛል፤ ፀሐይ፣ አልጌና ባክቴሪያ ሥራቸውን ይሠራሉ፤ የወስፋት እንቁላሉም ከሥር ይዘቅጣል። ቀላል ነው፣ ግን ሰፊ መሬት ይበላል። አቅሙም በቀን ወደ 7,500 ሜትር ኩብ ነበር፤ ለዚያ ለሚያብጥ ከተማ ጠብታ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት በዓለም ባንክ ገንዘብ ወደ 100,000 ሜትር ኩብ ከፍ ብሏል። በኮንዶሚኒየም ሰፈሮች ደግሞ በሜምብሬን፣ ማለትም እጅግ ጠባብ ቀዳዳ ባለው ወንፊት፣ የሚያጣሩ አነስተኛ ጣቢያዎች ተተክለዋል።

ሐዋሳ ከሁሉም ገፍታ ሄደች። በ2008 ዓ.ም. የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርኳ ፍሳሹን አጣርቶ አብዛኛውን ለፋብሪካዎቹ የሚመልስ፣ ወደ ውጭ ጠብታ እንዳይለቅ የታሰበ ማጣሪያ ይዞ ተነሳ። ለምን እዚያ? የሐዋሳ ሐይቅ መውጫ የለውም። የገባበት ነገር እዚያው ይቀራል። ዛሬ የጣልከውን ነገ ከፊትህ ታገኘዋለህ፤ ስለዚህ ሰው ይጠነቀቃል። የእኛ ቦርከና ግን መውጫ አለው። ክፋቱም እሱ ነው። መውጫ ያለው ሰው ስለሚወጣው ነገር አያስብም፤ የጎረቤት ነው።

አሁን የተማሪዬ ሥራ ምን እንደሆነ በአጭሩ ልንገራችሁ፤ ብዙ ሰው «ማጣራት» ሲባል ክሎሪን መጨመር ይመስለዋል። አይደለም። ክሎሪን የመጨረሻው ሠራተኛ ነው። የደፈረሰ ውሃ ላይ ብትጨምረው ጀርሙ ከደለሉ ቅንጣት ጀርባ ይደበቅበታል። አሞኒያ ያለበት ውሃ ላይ ብትጨምረው ደግሞ ከአሞኒያው ጋር ተጣምሮ ኃይሉ ይደክማል፤ ኬሚስትሪ ያስተማርኳችሁ ክሎራሚንን አስታውሱ። የወስፋት እንቁላልን ጨርሶ አይነካውም። ስለዚህ ቅደም ተከተል አለው። መጀመሪያ ወንፊት፣ ቀጥሎ ማዝቀጥ፣ ከዚያ ባክቴሪያ ቆሻሻውንና አሞኒያውን እንዲበላ አየር መስጠት፣ እንደገና ማዝቀጥ። እስከዚህ ያለው ውሃ ወንዝ እንዲገባ የሚፈቀድለት ነው። መልሰህ ልትጠቀምበት ከፈለግህ አሸዋ ማጣሪያ ትጨምራለህ፣ ያኔ ክሎሪን ወይም አልትራቫዮሌት ብርሃን፣ ያኔ የራሱ ታንከር፣ የራሱ ፓምፕ፣ የራሱ ቧንቧ። የእሱ ቧንቧና የመጠጥ ውሃ ቧንቧ በምንም ዓይነት መገናኘት የለባቸውም። በሌላው ዓለም ሐምራዊ ቀለም ይቀቡታል። ለእኛ ቀለም ብቻ አይበቃም፤ ጽሑፍ ለማያነብ ሰውና ለሕፃን የሚገባ ሥዕልም ያስፈልገዋል።

ማሻሻል ሲባልም ብዙውን ጊዜ እንደዚህ ያለ ተራ የሚመስል ነገር ነው። ማጣሪያ ጣቢያ ራሱ ትልቅ ውሃ ጠጪ ነው፤ ወንፊቱ ይታጠባል፣ ዝቃጭ መጭመቂያው ይታጠባል፣ አረፋው ይበተናል። ለዚህ ሁሉ ንጹሕ የመጠጥ ውሃ የሚጠቀም ጣቢያ አለ፤ ሕዝቡ ጀሪካን ይዞ ተሰልፎ! በራሱ ውሃ እንዲታጠብ ማድረግ የመጀመሪያው ድል ነው። ከዚያ ነው ወደ ዛፍ ችግኝ፣ ወደ ኮንክሪት ሥራ፣ ወደ ፋብሪካ ማቀዝቀዣ የሚወጣው።

አፍሪካ ይህን አይችልም የምትሉ ካላችሁ፣ የናሚቢያዋ ዊንድሁክ ከ1968 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አጣርታ ለመጠጥ ጭምር ትጠቀማለች። በዓለም ቀዳሚዋ እሷ ናት። በ2002 ደግሞ ጣቢያውን አሻሽላ በቀን ወደ 21,000 ሜትር ኩብ አደረሰችው። እዚያ የደረሱት በረሃ ስለሆነባቸው ነው፤ ሌላ ወንዝ አልነበራቸውም። አንድ ነገር ግን ከመጀመሪያው አጥብቀው ያዙ፤ የፋብሪካ ፍሳሽና የቤት ፍሳሽ እንዳይቀላቀል ለዩ። ለኮምቦልቻ ትልቁ ትምህርት ይሄ ይመስለኛል። ክሮሚየምን ከወንዝ ውስጥ ማውጣት አይቻልም ማለት ይቀላል። ከቆዳ ማልፊያው በር ላይ ግን፣ ከሌላው ሳይቀላቀል፣ አዝቅጦ መልሶ ለቆዳው መጠቀም ይቻላል። ከተቀላቀለ በኋላ ማንም አይለየውም።

አዎ፣ ገንዘብ ይጠይቃል። ያየነውን መከራም አልረሳሁም። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ሁለቱም ከተሞች ውስጥ ሲገባ ፋብሪካዎች ተዘርፈዋል፣ ወድመዋል። መብራት በጠፋባቸው፣ ቧንቧው በደረቀባቸው ሳምንታት እኛ ቤት አንዲት ጀሪካን ውሃ ሦስት ሥራ ትሠራ ነበር። በመጀመሪያ እህል ይታጠብባታል፣ እጣቢዋ ዕቃ ያለቀልቃል፣ የመጨረሻው ሽንት ቤት ይደፋል። ባለቤቴ ማንም ሳያስተምራት ሥርዓቱን አወጣችው፤ የትኛው ውሃ ለምን እንደሚበቃ፣ የትኛው ባልዲ ከየትኛው እንደማይቀላቀል። እናቶቻችን እጣቢውን ለላም፣ አተላውን ለአህያ እየሰጡ የኖሩት በዚሁ እውቀት ነው። መሐንዲሶቹ የሚሉትም ከዚህ ብዙ አይርቅም፤ ለእያንዳንዱ ሥራ የሚመጥን ውሃ፣ ለእያንዳንዱ ውሃ የራሱ ዕቃ።

ጣቢያ እስኪሠራም እጅ ማጣጠፍ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1989 ለመስኖ ያወጣው መመሪያ በሊትር ከአንድ የወስፋት እንቁላል አይብለጥ ይል ነበር። በ2006 ግን ከማጣሪያው ሌላ ከማሳ እስከ ገበታ ያሉትን መከላከያዎችም ቆጠረ። ከመልቀም ጥቂት ቀን በፊት ማጠጣት ማቆም፣ ውሃውን ቅጠሉ ላይ ሳይሆን ሥሩ ላይ ማፍሰስ፣ ጥሬ የሚበላውን ትቶ በስሎ የሚበላውን መዝራት፣ ገበያ ላይ በንጹሕ ውሃ ማጠብ። እነዚህ የወስፋትና የተቅማጥ መከላከያ ናቸው። ለክሮሚየም ግን ገበሬው ምንም አይችልም። እሱ የላይኛው ሰው ዕዳ ነው።

እዚህ ላይ የአያ ጅቦ ተረት ትዝ ይለኛል። ጅብ ከወንዙ በላይ፣ አህያ ከወንዙ በታች ሆነው ሲጠጡ ጅቡ «ውሃውን አደፈረስሽብኝ» አላት። እሷም «አያ ጅቦ፣ ሳታመካኝ ብላኝ» አለችው። ከተማ ውስጥ ተቅማጥ ሲነሳ የምንለውን አስታውሱ። «እነዚህ ገበሬዎች በቆሻሻ ውሃ እያጠጡ ጨረሱን» እንላለን። ውሃውን ማን አቆሸሸው? ሰላጣውን የሚያጠጣው ሰው ከታች ነው ያለው፤ ከላይ ያለነው እኛ ነን። በየስብሰባው ስለ ቦርከና ሲመከር ከንቲባው አለ፣ ፋብሪካው አለ፣ ምሁሩ አለ። ከቃሉ፣ ከከሚሴና ከጨፋ የሚመጣው ሰውስ ወንበር አለው?

ያን ቀን በስልክ ለተማሪዬ እንዲህ አልኩት። «ልጄ፣ ወንዝ የሚበሰብሰውን ያጠራል፣ የማይበሰብሰውን ግን ያስረክባል። አባትህ ትክክል ነበር፣ እኔ ነኝ የተሳሳትኩት።»

ዝም አለ። ከዚያ «አባቴ አሁንም ከዚያ አያጠጣም፤ ከብቶቹን ሩቅ ምንጭ ድረስ ይነዳቸዋል» አለኝ።

እንግዲህ ወዳጆቼ፣ የእኔ ልመና ሁለት ነው። ክረምት ሲመጣ ጉድጓድ የምትከፍቱ፣ እኔ ያደረግሁትን አታድርጉ። ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ ላይ ስለ አዲስ የውሃ ፕሮጀክት በተነገራችሁ ቁጥር ደግሞ እጅ አውጥታችሁ አንድ ጥያቄ ጠይቁ፤ «ይህ ውሃ ሲወጣ ወዴት ነው የሚሄደው?» የሚስቅባችሁ ካለ ይሳቅ። ያን ልጅም ስቀውበት ነበር።

ደህና ሁኑልኝ።